የእናቶቻችን ጌጥ ከመቅለጡ በፊት

ማንቡክ ውስጥ በአንድ የገበያ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሁለት የብር አምባር አወጡና በአንድ አዛውንት አንጥረኛ ፊት አስቀመጡ። አምባሮቹ ጠቁረዋል። አንደኛው ተሰብሮ ኖሮ በመዳብ ተጠግኗል። እኛ በዚያ የተገኘነው የተሰበረ መነጽራችንን ለማስበየድ ነበር።

«አባባ ሐጂ፣ ይህን አቅልጠው ጉትቻና ሐብል ይሥሩልኝ። ልጄን ልድር ነው። ይህ የድሮ ነገር እንኳን ለሙሽራ ለእኔም አይሆን» አሉ።

አዛውንቱ ሚዛናቸውን አላነሡም። አንዱን አምባር ወደ ብርሃን አዙረው የውስጡን ጎን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«የማን ነበር?»

«የእናቴ እናት።»

«ከየት አመጡት?»

«ከወሎ፣ ከቦረና።»

«ስንት ጊዜ አደረጉት?»

ሴትዮዋ ዝም አሉ። አያታቸውን ያለዚህ አምባር አይተዋቸው እንደማያውቁ ብቻ ተናገሩ። ሐጂ አምባሮቹን በጨርቅ ጠቀለሉና «ልጄ፣ ዛሬ አላቀልጠውም። እስከ ሐሙስ ከእኔ ዘንድ ይቆይ» አሏቸው። ሴትዮዋ ቅር ብሏቸው ሄዱ። ሠርጉ ቀርቧል፣ ሐሙስ ደግሞ ሩቅ ነው።

እኛም መነጽራችን ቢበየድም ከዚያ አልተነሣንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እየሄድን ከእኚህ አባት የተማርነውን ለውድ አንባብያን ለማካፈል ወደድን። በብዙዎቻችን ቤት፣ በሳጥን ግርጌ፣ እንዲህ ያለ የጠቆረ ጌጥ አለ። ምን እንደሆነ ሳናውቅ ለሚዛን እናቀርበዋለን። አሁን አሁን ደግሞ በከተማ ያሉ ወጣቶች የድሮ ጌጥ መሰብሰብ ጀምረዋል፤ እነርሱም ሳያውቁ ይገዛሉ።

እኚህ አባት ስማቸው በመጽሔት እንዲወጣ አልፈቀዱም። «ጌጥ ያለበት ቤት ሌባ አያጣውም» ነው ምክንያታቸው። ስለዚህ እንደ ሠፈሩ ሰው «ሐጂ» እያልን እንቀጥላለን። ትውልዳቸው ወሎ ነው። በ1978 ዓ.ም. በሰፈራ ወደ ፓዌ ከመጡት ብዙ ሺህ ሰዎች አንዱ ሲሆኑ ኋላ ወደ ማንቡክ ተሻገሩ። ሙያውን ከአባታቸው ወርሰዋል፤ ከሙያው ጋር ስድቡንም ወርሰዋል። ብረት የሚቀጠቅጥና ብር የሚያነጥር ሰው በአገራችን «ቡዳ» ሲባል የኖረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ሐጂ ይህ ሲነሣ ፈገግ ይላሉ። አላህ ብረትን ያለዘበላቸውን የዳውድን (ዐ.ሰ.) ታሪክ በቁርኣን የሚያነብ ሙስሊም እንዴት አንጥረኛን ይንቃል? ይላሉ።

መሰብሰብ የጀመሩበት ምክንያት በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ ነው። በዚያ ዓመት የእናታቸው አልቦ፣ ድሪና ወለባ አንድ በአንድ ለእህል ተሸጠ። ገዢዎቹ ስለ ጌጡ አልጠየቁም፤ መዘኑና ከፈሉ። የመጨረሻው አልቦ የሄደው በአንድ ቁና ማሽላ ነበር ይላሉ። ፓዌ ከደረሱ በኋላ ያንን የሚመስል አልቦ በሌላ ሰፋሪ እግር ላይ አዩ። ሴትዮዋ ሊሸጡላቸው አልፈለጉም፣ እርሳቸውም አልለመኑም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ለማቅለጥ ከሚመጣላቸው ጌጥ መካከል ልባቸው ያልጨከነበትን እየገዙ ማስቀመጥ ጀመሩ። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ሰብስበው በሳጥናቸው ያለው ከአርባ ጌጥ አይበልጥም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አነሣን። የምንኖረው በወርቅ አገር ነው። በመተከልም ሆነ ከዓባይ ማዶ በአሶሳ በኩል ጉሙዝና በርታ ወገኖቻችን ከወንዝ አሸዋ በገበቴ ወርቅ ሲያጥቡ ኖረዋል፤ ዛሬም ያጥባሉ። ታዲያ የድሮ ሳጥን ሲከፈት ከወርቅ ይልቅ ብርና ዶቃ የሚገኘው ለምንድን ነው?

«ወርቁ ግብር ነበራ!» አሉ ሐጂ።

ነገሩ እውነት ነው። የግብፁ ሙሐመድ ዐሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ካጓጉት ነገሮች አንዱ የዚህ አካባቢ ወርቅ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደ ቤኒሻንጉል ከዘመቱ በኋላም የአሶሳው ገዢ ሼህ ሖጀሌ አል ሐሰን ለአፄ ምኒልክ ግብሩን ይልኩ የነበረው በወርቅ ነው። ወርቁ ይወጣል። በፋንታው በቡናው፣ በዝባዱና በወርቁ ዋጋ ወደ አገር ይገባ የነበረው ደግሞ ጠገራ ብር ነው። እናቶቻችን ያጌጡበት ብር አብዛኛው ይኸው ጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ ነው። ገንዘባችንንና ማዕድኑን በአንድ ስም «ብር» ብለን መጥራታችንም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ስለ ጠገራ ብር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ጀማሪ ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ የሚታለለው በእርሱ ነውና። በላዩ ምስሏ የተቀረጸው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን ሳንቲሙ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ዘመን ቢመታ ይህንኑ ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው። በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይም ተመትቷል። ስለዚህ «1780 ይላል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው» እያለ የሚሸጥ ነጋዴ ወይ አያውቅም ወይ ያታልላል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። አንድ ወቄት የምንለውም የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነው። ከመቶው 83 እጅ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። አባቶቻችን ሳንቲሙን የሚቀበሉት በትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ፈርጥ ነጥብ በነጥብ ቆጥረው ነበር። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ ጠገራው ከገበያ እየወጣ ሄደ፤ ብዙውም ወደ አንጥረኛ ወናፍ ገባ።

ሐጂ የሚወዱት ምን ዓይነት ጌጥ ነው? ከወርቅ ብርን ያስቀድማሉ። ወርቅ አይጠቁርም፤ ሃምሳ ዓመት የተደረገውና ትናንት የተሠራው በመልክ ይመሳሰላሉ። ብር ግን አየሩንም ላቡንም ይቀበላል። ከብሩም በሽቦ ሥራ የተጥለቀለቀውን ሳይሆን ልሙጡን፣ ከባዱን አልቦ ይመርጣሉ። ጌጥ የበዛበት ሥራ ጥፋትን ይሸፍናል፤ በልሙጥ ላይ ግን የመዶሻ ስህተት መደበቂያ የለውም ይላሉ። በዚህ ከሐጂ ጋር አልተስማማንም። በሳጥናቸው ውስጥ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ የብር እንክብሎች በረድፍ የተበየዱበት አንድ ጉትቻ አለ። እኛ ከአርባው ምረጡ ብንባል እርሱን ነበር የምናነሣው። ሐጂም ይህን ሲሰሙ «አስተማሪ ስለሆንክ ነው፣ መቁጠር ትወዳለህ» ብለው ሳቁብን።

የተጠገነ ጌጥ ደግሞ ከሁሉ በላይ ደስ ይላቸዋል። ገዢ ሁሉ እንከን የሌለውን ሲፈልግ እርሳቸው ስብራቱን ይፈልጋሉ። ሰው የሚያስጠግነው የሚወደውን ነውና፣ ያ በመዳብ የተበየደ አምባር የባለቤቱን ፍቅር ይመሰክራል ባይ ናቸው። የማይወዱት ምንድን ነው? የተወለወለ አሮጌ ብር። በአመድና በሎሚ ታሽቶ እንደ ማንኪያ የሚያበራ አልቦ ሲያመጡላቸው ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ያ ጥቁረት የተገኘው በዘመናት ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከሄደ አይመለስም። አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ዕድሜን ለማወቅ የሚያዩት ከጌጡ ፊት ሳይሆን ከጀርባው ነው። በሰው ገላ ላይ የኖረ ጌጥ የሚያልቀው ገላ በሚነካው ቦታ ነው። አምባር ከውስጥ በኩልና በጠርዙ ይሳሳል። ቀለበት በመዳፍ በኩል ይቀጥናል። የድሪ ሰንሰለት እርስ በርስ በሚፋተግበት ነጥብ ይበላል፤ ጉትቻ መንጠቆው ይሰረሰራል። አስመሳይ ግን ይህን አያውቅም ወይም ለዚህ ጊዜ የለውም። ሁሉንም ፊት እኩል ያሻል፤ ከዚያ በቅርጹ ስርጉድ ውስጥ የጫማ ቀለም ይቀባል። በጨርቅ ሲታሽ ጨርቁ ከጠቆረና የቀለም ሽታ ከሰጠ ነገሩ ታውቋል። ደግሞም የሚፋተገውን ቦታ ልብ ብላችሁ እዩ። ነጭ ሆኖ ከቀጠለ ብር ሊሆን ይችላል፤ ቢጫ ወይም ቀይ ብቅ ካለ በብር የተለበጠ ነሐስ ወይም መዳብ ነው። ብዙ ሰው ማግኔት ይሞክራል። ማግኔት ብረትን ብቻ ያጋልጣል እንጂ ነሐስንና መዳብን አይለይም።

የእኛ ድርሻ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሐጂ በእጃቸው ክብደት የሚያውቁትን እኛ በክፍል ውስጥ በቁጥር ለማሳየት ፈለግን። የሴትዮዋን አምባሮች በአደራ ተቀብለን ወደ ትምህርት ቤት ወሰድን። አንዱ አምባር በሚዛን 112 ግራም፣ ማለትም የአራት ጠገራ ብር ክብደት ሆነ። ይህን ስንናገር አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ እንግዲያው አራት ጠገራ ሰጥተው ነው ያሠሩት!» አለ፤ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ አምባሩን በክር አንጠልጥለን ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ አጠለቅንና እንደገና መዘንነው። 101 ግራም መዘነ፤ በውኃ ውስጥ 11 ግራም ቀንሷል ማለት ነው። 112 ለ11 ሲካፈል 10 ነጥብ 2 ያህል ይሰጣል። ንጹሕ ብር 10 ነጥብ 5 ነው፤ መዳብ የተቀላቀለበት የጠገራ ብር ከዚህ ትንሽ ያንሳል። ነሐስ ቢሆን ኖሮ ከ8 ነጥብ 7 ባልበለጠ ነበር። ብር የሚመስለው የመዳብና የኒኬል ቅልቅልም ከ9 አያልፍም። ሐጂ ውጤቱን ሲሰሙ ብዙም አልተደነቁም። «ይህንን እጄ ነግሮኝ ነበር» አሉ።

ተማሪዎቹን ያስደነቃቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ዓይነት ሚዛን ሙስሊም ሊቃውንት ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ይጠቀሙበት እንደነበር ነገርናቸው። አል ቢሩኒ የብረታ ብረትንና የከበሩ ድንጋዮችን ክብደት በውኃ እየለካ አነጻጽሯል፤ ስለ ከበሩ ድንጋዮችም ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ አል ኻዚኒ «ሚዛኑል ሒክማ» በተባለው መጽሐፉ የውኃውን ሚዛን በዝርዝር ገልጿል። ንጹሑን ወርቅ ከቅልቅሉ መለየት ከዚህ ሚዛን ጥቅሞች አንዱ ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፦ ውስጡ ባዶ ሆኖ አየር የታሰረበት ጌጥ በዚህ መንገድ ሲመዘን እውነተኛው ብር እንኳ ሐሰተኛ ይመስላል።

ቢጫውን ዓምበር በተመለከተ ደግሞ ጨው በደንብ በሟሟበት ውኃ መሞከር ይቻላል። ዶቃው ከሰመጠ ዓምበር አይደለም። ከተንሳፈፈ ግን ገና አትደሰቱ፤ የሚንሳፈፍ ፕላስቲክም አለና። ስለ ወርቅ ብዙ አንልም። 24 ካራት ንጹሑ ሲሆን 21 ካራት ከመቶ 87 ነጥብ 5፣ 18 ካራት ከመቶ 75 ወርቅ ነው። ስትሸጡት የእጅ ዋጋው አብሮ አይመለስም። ይህን ያወቀ ለቁጠባ ብሎ የተንቆጠቆጠ ሐብል አይገዛም።

አንድ ስህተት በየወርቅ ቤቱ

ወደ ሴትዮዋ ጉዳይ እንመለስ። አሮጌውን ሰጥቶ፣ ልዩነቱን ከፍሎ አዲሱን መውሰድ በየወርቅ ቤቱ የተለመደ ነው። ሐጂም በዚያ ሳምንት ሌላ አማካሪ ጎረቤት መጥቶ «አምባሮቹን አንተ ያዝና የተሠራ ጉትቻ ለውጥላት» ብሎ ሲመክራቸው እሺ ለማለት ተቃርበው ነበር። እኛ ግን ከለከልናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወርቅ በወርቅ፣ ብር በብር ሲለወጥ እኩል በእኩልና ከእጅ ወደ እጅ እንዲሆን አዘዋል። አንዱ አሮጌ ሌላው አዲስ መሆኑ መበላለጥን አይፈቅድም። መውጫው መንገድም በሐዲስ ታውቋል። ቢላል (ረ.ዐ.) መናኛ ተምር ሁለት እጥፍ ሰጥተው በጥሩው አንድ እጥፍ በለወጡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከለከሏቸው፤ መናኛውን በገንዘብ ሸጦ በዚያ ገንዘብ ጥሩውን መግዛት እንደሚቻል አስተማሩ። ስለዚህ አሮጌውን ሽጡ፣ ገንዘቡን በእጃችሁ ተቀበሉ፣ ከዚያ አዲሱን ግዙ። ከዚያው ነጋዴ ወይም ከሌላ መግዛት የእናንተ ፈንታ ነው። ወርቅንና ብርን በገንዘብ ስትገዙም ዑለሞች እንደሚያስተምሩት በዱቤ አይሁን።

ለሰብሳቢ ከዚህ የሚቀርብ ሌላ ሐዲስ አለ። ፉዷላ ኢብን ዑበይድ (ረ.ዐ.) በኸይበር ዘመቻ ወርቅና ዶቃ የተሰካበት ሐብል በአሥራ ሁለት ዲናር ገዙ። ወርቁን ከዶቃው ለይተው ሲያዩት ከአሥራ ሁለት ዲናር በላይ ሆኖ አገኙት። ይህን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነግሩ እንዲህ ያለው ሳይለያይ እንዳይሸጥ አዘዙ። ሻጩ ምን እንደሚሸጥ አላወቀም ነበር ማለት ነው። የሐጂ ሁለተኛ ጭንቀትም ይኸው ነው።

ዘካን በተመለከተ ንጹሕ ወርቅ 85 ግራም፣ ንጹሕ ብር 595 ግራም ሲሞላ ግዴታ ይሆናል። በጠገራ ብር ሲሰላ ከ25 ትንሽ ይበልጣል። ሴት ለምታጌጥበት ጌጥ አቡ ሐኒፋ ዘካ አለበት ሲሉ ማሊክ፣ ሻፊዒይና አሕመድ በተፈቀደው መጠን የሚደረግ ከሆነ የለበትም ብለዋል። ለንግድ ወይም ለሀብት ብሎ በሳጥን የሚያከማች ሰብሳቢ ግን «ጌጥ ነው» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ሐጂ በየረመዳኑ ሳጥናቸውን ይመዝናሉ።

አንዳንድ ወንድሞች ደግሞ ጌጥን መውደድ በራሱ ከዲን የራቀ ነገር ይመስላቸዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያደርጉት ቀለበት የብር ሲሆን ፈርጡ የሐበሻ እንደነበር በሙስሊም ዘገባ ተነግሯል። ነጃሺም ጌጣጌጥ በስጦታ ልከውላቸው ነበር። ከመካከሉ የሐበሻ ፈርጥ ያለበት የወርቅ ቀለበት ነበረበት። ወርቅ ለወንድ የተከለከለ በመሆኑ እርሳቸው አላደረጉትም፤ የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ጠርተው እንድታጌጥበት ሰጧት። ይህን ታሪክ ለሐጂ ስናነብላቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ማን አንጥሮት ይሆን?» አሉ።

ሌላው አንባብያን መጠየቃቸው የማይቀረው የሒርዝ፣ የክታብ መያዣው የብር ማኅደር ጉዳይ ነው። በወሎም በሐረርም ከሠለጠኑት የአንጥረኛ ሥራዎች መካከል ይገኛል፤ በሐጂ ሳጥንም ሦስት አሉ። በእርሱ ጥበቃን መፈለግ እንደማይገባ ዑለሞቻችን አስተምረዋል። ሐጂ እንደ ብር ሥራ ያስቀምጡታል እንጂ ለማንም በአንገት አያስሩም፤ ጥበቃ ፈልጎ ለሚመጣም አይሸጡም። ውስጡ ወረቀት ካለ የቁርኣን አንቀጽ ሊሆን ስለሚችል በክብር ይያዛል፤ ለማያውቅ እጅ አይሰጥም።

ከገበያ በፊት ከቤት

ጀማሪ ምን ይግዛ? ሐጂ ለዚህ የሚሰጡት መልስ «ምንም» ነው። አንድ ዓመት ምንም ሳይገዛ ይይ። እናቱን፣ አክስቶቹን፣ ጎረቤቶቹን ይጠይቅ፤ ሳጥን ይከፈትለት፤ በእጁ ይመዝን። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። እኛ በአንድ ወቅት ለሥራ ወደ ሐረር ሄደን በጀጎል ውስጥ የሸሪፍን ሙዚየም ጎብኝተናል። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የቀድሞው ሥርዓት ከወደቀ በኋላ የከተማቸውን ቅርስ፣ ማለትም የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጥና የድሮ ዜማ የተቀዳበት ካሴት ሳይቀር፣ መሰብሰብ ጀመሩ። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ በገዛ ቤታቸው ለሕዝብ ከፈቱት፤ ኋላም ስብስቡ ራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ ወደሚጠራው ሕንፃ ተዛወረ። መጀመሪያ የነበራቸው የመንግሥት ገንዘብ አልነበረም፤ የጎረቤት ሳጥን ነበር። ለሐጂ ይህን ስንነግራቸው ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፦ «የማን እንደነበረ ጽፈውበታል?»

እርሳቸው ይጽፋሉ። በእያንዳንዱ ጌጥ ላይ በክር የታሰረ ወረቀት አለ፦ ከማን፣ ከየት አገር፣ መቼ እንደተሠራ የሚታወቅ ከሆነ፣ ለሠርግ ነው ወይስ ለወሊድ፣ በስንት ተገዛ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አሁን የምንጽፍላቸው እኛ ነን። ወረቀቱ ከጠፋ ጌጡ ሚዛን ብቻ ይሆናል ይላሉ። ጥንድን አትለያዩ፤ የተሰበረውን ዶቃ በአዲስ አትተኩ፤ ከመቃብርና ከመስጊድ የወጣ የሚመስል ዕቃ አትንኩ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስም እንዲመዘገብ ያዛል። ስለዚህ ለውጭ አገር ሰው ላሻግር የሚል ቢመጣ ነገሩ ከንግድ አልፎ ወንጀል ነው።

ከሁሉ የሚከብዳቸው ግን ይህ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በነበረው ግጭት ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ሲፈናቀል እናቶች ይዘውት የወጡት በነጠላ ጫፍ የሚቋጠረውን ነበር። ያኔ ገዢዎች መጡ። ችግሩን አይተው በሚዛኑ ግማሽ የገዙ ነበሩ። ሐጂ በዚያ ዓመት ከሳጥናቸው ላይ ምንም አልጨመሩም። የሚያመጡላቸውን ሁሉ መዝነው፣ ምን እንደሆነና በገበያ ስንት እንደሚያወጣ ለባለቤቱ እየነገሩ «ከዚህ በታች አትሽጥ» ብለው ይልኩ ነበር። ለምን ራሳቸው እንዳልገዙ ጠየቅናቸው።

«የእናቴ አልቦ በስንት እንደሄደ አውቃለሁ» አሉ።

ሐሙስ ሴትዮዋ መጡ። ሐጂ የውኃውን ሚዛን፣ የአራቱን ጠገራ፣ የመዳቡን ጥገና አንድ በአንድ አስረዷቸው። ማንም የሚያቀልጥ ሰው የሚከፍላቸውን የብሩን ዋጋ ነገሩ፤ ከዚያ በላይ የሚከፍል ሰብሳቢ ሊገኝ እንደሚችልም ነገሩ። ሴትዮዋ አዳመጡና «አባባ ሐጂ፣ የነገሩኝ ሁሉ መልካም ነው። ሠርጉ ግን ከነገ ወዲያ ነው» አሉ። ሰብሳቢ ፍለጋ ጊዜ የለም። ሐጂ በነገሩት ዋጋ ራሳቸው ለመግዛት ፈለጉ፤ በእጃቸው የነበረው ገንዘብ ግን ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ አልበቃም። እኛም የኪሳችንን ብንጨምር አልሞላም፤ የወር መጨረሻ ነበር።

በመጨረሻ ሴትዮዋ አንዱን ሸጡ። ያልተጠገነውን ነው የሸጡት። ገንዘቡን በእጃቸው ተቀበሉ፣ ቆጠሩ፤ ከዚያም ከፍለው ከሐጂ ሣጥን አንድ የተሠራ ጉትቻ ለሙሽራዋ ገዙ። የተጠገነውን አምባር መልሰው በነጠላቸው ጫፍ ሲቋጥሩት «የአያቴ ስም ዘሃራ ነው፤ ለዚያኛው ጻፉበት» አሉን። ጻፍን። ሐጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥንድ አትለያዩ የሚለውን ምክራቸውን ለማንም ሲናገሩ አልሰማንም።